የሸርጣኑ እግሮች ድምፅ

ማዕዛ ከጣሪያዋ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየችው ከቁርስ በኋላ ሬዲዮ ልትከፍት ወደ ሳሎኑ ጥግ ስትሄድ ነው። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ለሦስት ቀን ቧንቧው እያፏጨ ነበር የከረመው። በቧንቧ እምቢ ያለ ውሃ በጣሪያ ሲመጣ ማን ያምናል? ከዚያ ግን ጠብታው የት እንደሚያርፍ አየችና ደሟ ፈላ። የሚያርፈው ታይፗ ላይ ነበር።

ማዕዛ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ሠርታ ጡረታ ከወጣች ገና ዓመቷ ነው። አብዛኛውን ዕድሜዋን በታይፒስትነት ነው ያሳለፈችው። ኮምፒዩተር ሲመጣ መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ እዚያም ፋይል ስታወጣና ስታስገባ ስልሳ ዓመት ሞላት። ሲሸኟት «ማስታወሻ ምን እንስጥሽ?» ቢሏት «መጋዘን ውስጥ የተቀመጠችውን ታይፔን» አለች። ሳቁና ሰጧት። ባሏ አምኃ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጇ ሔለን ትዳር ይዛ ሐዋሳ ናት። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና ታይፗ ብቻ ናቸው። አትጽፍባትም፤ የሚጻፍ ነገር የላትም። ብቻ በየቅዳሜው ሽፋኗን ገልጣ በዘይት ጨርቅ ትወለውላታለች።

ታይፗን ወደ ደረቅ ቦታ ጎትታ በነጠላዋ ሸፈነቻትና በአንድ እጇ መወልወያ፣ በሌላው ባልዲ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከስድስት ወር በፊት ሁለት ወጣቶች ቢሮ ተከራይተው ገብተዋል። ምን እንደሚሠሩ አታውቅም። ደረጃ ላይ ሲያገኟት «እንዴት አደሩ ማዘር» ይሏታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ማን አለ እዚህ ቤት!» ብላ አንድ እግሯን አስገባች። ሁለተኛውን ለማስገባት ዕድል አላገኘችም። ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበርና ሸራ ጫማዋ ከዳት፤ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠችም ጉዞዋን ቀጠለች። ባልዲዋን አቅፋ ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ በመቀመጫዋ ተንሸራተተች። መንገድ ላይ ባለ ሦስት እግር ብረት መታች፤ ብረቱ ወንበር ላይ ወደቀ፤ ወንበሩ ጠረጴዛውን ገፋ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ትልቅ ሳፋም ቀስ ብሎ፣ የሚያስብበት ይመስል ትንሽ ቆየና ተገለበጠ። ውስጡ የነበረው ውሃ፣ ማንኪያ፣ ስትሮና የላስቲክ ጓንት እንዳለ ራሷ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተና ሁለቱ ወጣቶች ሄድፎን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ። ወንዱ ዮአብ ይባላል፤ ሴቷ ጦቢያ። አዩዋት። ጓንቱ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ወይኔ! እትዬ! ተጎዱ እንዴ?» አለች ጦቢያ እየሮጠች። እሷም ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ተንሸራትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቧንቧችሁን ዝጉ!» አለች ማዕዛ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትናንት ውሃ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ቧንቧውን ከፍተው ክፍቱን ረስተውት ሄደዋል። ጠዋት ገብተው የውስጠኛውን ክፍል ዘግተው ሥራቸውን ጀመሩ፤ ውሃው መጣ፤ ማጠቢያው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ድምፁን እንዴት አትሰሙም? ደንቆሮ ናችሁ?»

«ሰምተነዋል፣ ማዘር» አለ ዮአብ አንገቱን እያከከ። «ማለቴ... ሥራችን የውሃ ድምፅ ነው። ሄድፎን አድርገን ትናንት የቀዳነውን የውሃ ድምፅ ስናዳምጥ ነበር። በቃ ‹ዛሬ እንዴት ጥርት ብሏል› እየተባባልን ነበር።»

ማዕዛ ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች። ስድቡ ግን ቶሎ አልመጣላትም። «ሁለታችሁም ወደ ታች!» አለች ከመሬት እየተነሳች። «ያጠፋችሁትን ነገር ኑና እዩት።»

ወረዱ። ጦቢያ ከቦርሳዋ ፀጉር ማድረቂያ፣ ዮአብ ደግሞ ትንንሽ ብሎን መፍቻዎችና ለስላሳ ጨርቅ ይዞ መጣ። ማዕዛ በፎጣ ፀጉሯን ጠቅልላ አጠገባቸው ቆመች፤ «እዚያ ጋ አትንካ፣ ይሄን በቀስታ፣ እሱን እኔ» እያለች። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ልጆቹ አልተነጫነጩም፤ ይልቁንም ታይፗን እንደ ሕፃን ነበር የያዟት። ማዕዛ ይህን አስተዋለች፤ ቁጣዋም ሳታስበው በረደ።

ሲጨርሱ ወረቀት አስገባችና ሁሉም ፊደል በቦታው መሆኑን ለማየት መምታት ጀመረች። ጣቶቿ አልረሱም። ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ...

ዮአብ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጦቢ፤ ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች ጦቢያ በሹክሹክታ።

«ሸርጣኑ!»

ማዕዛ እጇን አነሳች። «የምን ሸርጣን?»

ልጆቹ እየተቀባበሉ አስረዷት። የሚሠሩት አኒሜሽን ነው፤ የስድስት ደቂቃ ፊልም፤ እንደ ድሮዎቹ፣ አንድም ቃል የማይነገርበት፣ መሯሯጥና መውደቅ፣ መጋጨትና መጠላለፍ ብቻ የሆነ። ሁሉም የሚሆነው ባሕር ውስጥ ነው። ጦቢያ እያንዳንዷን ሥዕል በእጇ ስትሥል ዓመት ተኩል ፈጅቶባታል። ዮአብ ድምፁን ይሠራል። አረፋው በስትሮ፣ ኦክቶፐሱ በረጠበ ጓንት ተገኝቷል። የሸርጣኑን ሩጫ ግን ለሁለት ወር ፈልጎ አላገኘውም። በማንኪያ ሞከረ፤ በጥፍሩ፣ በማበጠሪያ፣ በባቄላ ሞከረ። ሁሉም የባቄላና የማንኪያ ድምፅ ሆነበት እንጂ ሸርጣን የሚሮጥ አልመሰለውም። ፊልሙ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ሰፈር በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ለሕፃናት ሊታይ ቀን ተቆርጦለታል።

«ማዘር፣ በናትዎ አንዴ ብቻ ይምቱልን» አለ ዮአብ።

ማዕዛ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ የሥራ መሣሪያ ነው» አለች። «በዚህ ስንት ሹመት፣ ስንት ዝውውር፣ ስንት የትምህርት ዕድል ተጽፎበታል። ለቀልድ አይደለም የተሠራው። አሁን ሂዱና ወለላችሁን አድርቁ።»

ልጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ወረቀቱ ግን ታይፑ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ማዕዛ ቀኑን ሙሉ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ዓይኗ እሱ ላይ ያርፍ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጦቢያ በሯን አንኳኳች። እጇ ላይ ላፕቶፕ ነበር። «እትዬ፣ እንዲመቱልን አይደለም የመጣሁት። የጎዳንዎትን ያህል እንኳ ባይሆን ትንሽ ይሳቁ ብዬ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ይዩልኝ።»

ማዕዛ መነጽሯን አደረገች።

ሥዕሉ ውስጥ ባሕር አለ። ከባሕሩ ወለል ላይ ከመርከብ የወደቀ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ተጋድሟል። ማንቆርቆሪያው የአንድ ሸርጣን ቤት ነው። ሸርጣኑ ትንሽ፣ ቀይ፣ ኮስታራ ነው፤ በየጠዋቱ ደጁን ይጠርጋል። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ኦክቶፐስ መጣና ማንቆርቆሪያውን ወደደው። አንድ እጁን በማንቆርቆሪያው አፍ በኩል አስገባ፤ ተያዘ። በሁለተኛው ሊያወጣ ሞከረ፤ እሱም በጆሮው በኩል ተቆለፈ። ሦስተኛው መልሕቅ ያዘ፤ አራተኛው ዓሣ፤ አምስተኛው የራሱን ሦስተኛ እጅ የዓሣ መስሎት ጠመዘዘ። ስምንቱም እጅ ተቆላልፎ ሲያበቃ ሸርጣኑ ክዳኑን ከፍቶ ብቅ አለ፤ ኦክቶፐሱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ መጥረጊያውን አነሳና ዙሪያውን መጥረግ ቀጠለ።

ማዕዛ የሳቀችው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ሆዷን ያዘች። ከአምኃ ሞት በኋላ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቁ ሲመጣባት እሷም ደነገጠች፤ ከማታውቀው ክፍል ውስጥ ሰው ወጥቶ የመጣባት ያህል። «ይሄ ሸርጣን» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «የድሮ የመዝገብ ቤት ኃላፊያችንን ቁርጥ ነው።»

ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ታይፗ አዞረችውና «በይ ያንን ማይክ ያለውን ልጅ ጥሪው» አለች።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። ጠዋት ጠዋት ዮአብ ማይኩን ሳሎኗ ውስጥ ይተክላል፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናል፤ ማዕዛ ስክሪኑን እያየች የሸርጣኑን እግሮች ትከተላለች። ሲራመድ ቀስ፣ ሲሮጥ ፈጠን፣ ሲደነግጥ ጸጥ። የአማርኛ ታይፕ አንዱን ፊደል በሁለት ምት ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ምልክቱ። በዚህ ምክንያት ሩጫው ወደ ጎን የሚሄድ፣ ትንሽ የሚያነክስ ሆነ፤ ልክ እንደ ሸርጣን። የመስመሩ መጨረሻ ላይ የምትጮኸዋን ቃጭል ሲሰማ ዮአብ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሸርጣኑ ራሱን ማንቆርቆሪያው ላይ የሚመታበት ቦታ ላይ ገባች።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ማዕዛ ዝም ብሎ መምታት አልቻለችም። ዮአብ «ማዘር፣ ዝም ብለው ያገኙትን ይምቱ፣ ማንም አያነበውም» ቢላትም ጣቶቿ ትርጉም የሌለው ነገር አልጽፍ አሉ። ለአርባ ዓመት ቃል ነው የጻፉት። «እንግዲያው የሆነ ነገር ይጻፉ» አላት።

በመጀመሪያው ቀን የሰፈሩን ሰዎች ስም፣ የጸሎት ቃላት፣ የሽሮ አሠራር ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ወረቀት ስታስገባ፣ ሳታስበው፣ ጣቶቿ ከላይ በስተቀኝ ቀኑን፣ ዝቅ ብለው ደግሞ አንድ ስም ጻፉ። «ለወይዘሮ ፍረወይኒ ገብረዋህድ፤ ባሉበት።» ስሙን ስታየው እጇን ልታነሳ አለች። ሸርጣኑ ግን መሮጥ ጀምሮ ነበርና ተከተለችው።

ስለዚች ሴት መናገር ያስፈልጋል። ወይዘሮ ፍረወይኒ የታይፕ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ማዕዛ በ1976 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትቀጠር በአሥር ጣት መምታት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ጣቶቿን ጨብጠው፣ ዓይኗን በመሀረብ ሸፍነው። በዚያው ዓመት፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞች አዲስ ምግብ ቤት ሠራና ለየመምሪያው የሚበተን የጥሪ ደብዳቤ እንድትጽፍ ታዘዘች። ደብዳቤው «ጓድ ኃላፊው ቅዳሜ ጠዋት የሠራተኞችን ምግብ ቤት ይመርቃሉ» የሚል ነበር። ማዕዛ ስቴንስሉን፣ ማባዣውን ሰም ወረቀት፣ በጥድፊያ መታችው። ተባዛ፤ በሦስት መቶ ቅጂ ተበተነ። ከተበተነ በኋላ ነው የታየው፤ በ«ቃ» ፈንታ «ዛ» ገብታለች። ጓድ ኃላፊው ቅዳሜ ጠዋት የሠራተኞችን ምግብ ቤት «ይመርዛሉ» ይላል።

ዛሬ ሰው ይስቅበታል። በዚያ ዘመን ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ስሕተት «አሻጥር» ነበር የሚባለው፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ኮሚቴ ተሰበሰበ። «ማነው የጻፈው?» ተባለ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ተነሱ። «ልጅቷ በረቂቁ ላይ ያየችውን ነው የመታችው። ረቂቁን የጻፍኩትም፣ ያረምኩትም እኔ ነኝ» አሉ። እውነተኛውን ረቂቅ ማንም እንዳያየው አስቀድመው ቀድደው ጥለውት ነበር። ከኃላፊነታቸው አወረዷቸውና ምድር ቤት ያለው መጋዘን ውስጥ ስምንት ወር አስቀመጧቸው።

ማዕዛ ምንም አልተናገረችም። ያን ቀን በፍርሃት ነበር። በማግስቱ በሐፍረት። ከዚያ ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ፤ ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ከበደ። ወይዘሮ ፍረወይኒም አንድ ቀን እንኳ አላነሱባትም። በአምኃ ለቅሶ ጊዜ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ከመስቀል ፍላወር ድረስ መጥተው እጇን ጨብጠው ተቀምጠው ነበር። ያኔም አልተናገረችም።

አሁን ግን ጣቶቿ ተናገሩ። የምታውቀው የአጻጻፍ ስልት አንድ ብቻ ስለነበር በእሱው ጻፈች።

«ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው በ1976 ዓ.ም. እኔ በፈጸምኩት ስሕተት እርስዎ በራስዎ ላይ...»

እዚህ ላይ ሸርጣኑ ስለቆመ ቆመች። ኦክቶፐሱ ሲያሳድደው ቀጠለች። ኦክቶፐሱ በድንጋጤ ጥቁር ቀለሙን ሲረጭና ሁለቱም በጨለማው ውስጥ ተያይዘው ሲደናበሩ «ምንም እንኳን ሳልናገር ብቆይም፣ አንድም ቀን ሳላስበው አልዋልኩም» ብላ ጻፈች። ቃጭሏ ጮኸች። በአምስተኛው ቀን ሥራው ሲያልቅ ደብዳቤውም አለቀ። በየመካከሉ ሸርጣኑ ዘልሎ በተሻገረበት ቦታ ባዶ ቦታዎች ነበሩበት፤ አንዳንዱ ቃልም ለሁለት ተሰንጥቋል። ማዕዛ እንደገና አልጻፈችውም። ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

ልጆቹ ሲጨርሱ ማይኩንና ብርድ ልብሱን ሰበሰቡ። ጦቢያ እጇን ይዛ «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ...» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ማዕዛም «እናንተም ውሃ ባታፈሱብኝ» አለችና ሁለቱንም ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

የሚታይበት ቅዳሜ ሲደርስ ማዕዛ ጠዋት መስቀል ፍላወር ሄደች። በሩን የከፈተችላት የወይዘሮ ፍረወይኒ ልጅ ሰምሃል ነበረች። እናትየው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ ዓይናቸው የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

«ማን ነው?»

«ማዕዛ ነኝ፣ እትዬ ፍረወይኒ። የታይፕ ክፍሏ።»

«ጓለይ፣ ልጄ! ነይ ነይ። ደህና ነሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ፊልም ላሳይዎ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ለእኔ? በየትኛው ዓይኔ?»

«በጆሮዎ» አለች ማዕዛ።

አዳራሹ በሕፃናት ተሞልቶ ነበር። ማዕዛ ወይዘሮ ፍረወይኒን ከፊት ረድፍ አስቀመጠቻቸው፤ ዮአብና ጦቢያ ጥግ ላይ ቆመው ጥፍራቸውን ይበላሉ። መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ አረፋው መንቦቅቦቅ ጀመረ። ከዚያ ሸርጣኑ ከማንቆርቆሪያው ወጣ። ቀጭ-ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ-ቀጭ።

ወይዘሮ ፍረወይኒ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። ትንሽ አዳመጡ። በጨለማው ውስጥ የማዕዛን እጅ ፈልገው ያዙና ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ይሄ ያንቺ እጅ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«እንዴት አወቁ?»

«በቀለበት ጣትሽ ትዘገያለሽ። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ኦክቶፐሱ ሦስተኛ እጁን መጠምዘዝ ጀምሮ ነበር። «ምን አደረገ? ምን አደረገ?» አሉ አሮጊቷ እየጎነተሏት። ማዕዛ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም ከሕፃናቱ ትንሽ ዘግየት ብለው፣ ሁልጊዜ አንድ ሳቅ ወደ ኋላ ሆነው እየሳቁ ተከተሉ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ዓሣ ማንቆርቆሪያውን ውጦ ሄደ። ሸርጣኑና ኦክቶፐሱ ቤት አልባ ሆነው ጎን ለጎን አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ኦክቶፐሱ አንድ እጁን እንደ ትራስ ጠቀለለው፤ ሸርጣኑ ወጣና ተኛበት። ሕፃናቱ ቆመው አጨበጨቡ። የሠሩት ሰዎች ስም ሲወጣ ከጦቢያና ከዮአብ ቀጥሎ «የሸርጣኑ እግሮች፦ ወይዘሮ ማዕዛ» የሚል መጣ። ማዕዛ በሕይወቷ የጻፈችው ስም ሁሉ የሌላ ሰው ነበር። የራሷን ስም ስታይ ለወይዘሮ ፍረወይኒ አነበበችላቸው፤ ሁለተኛም አነበበችላቸው።

ከአዳራሹ አጠገብ ካለ ካፌ ገብተው ማኪያቶ አዘዙ። ማዕዛ ፖስታውን አወጣችና «ደብዳቤ አለዎት» አለች። በባዶ ቦታዎቹ ላይ እየቆመች፣ ከ«ጉዳዩ» ጀምራ እስከ «ከሰላምታ ጋር» ድረስ አነበበች። ወይዘሮ ፍረወይኒ ሲኒያቸውን ሳያነሱ አዳመጡ። ስትጨርስ አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እትዬ፣ አያልቅሱ፣ በማርያም...»

ቀና ሲሉ ግን እያለቀሱ አልነበረም። «ይመርዛሉ!» አሉ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው። «የሠራተኞችን ምግብ ቤት ይመርዛሉ! ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመርዙም ተጽፏል እኮ! ጓለይ፣ ያን ጊዜ መሳቅ አይቻልም። መጋዘን ስገባ በሩን ዘጋሁና የወረቀት ክምር ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ሳቅሁ። ስምንት ወር ሙሉ ትዝ ባለኝ ቁጥር ስስቅ ነበር።»

ማዕዛ ማመን አቃታት። አርባ ዓመት እንደ ድንጋይ የተሸከመችውን ነገር እሳቸው እንደ ቀልድ ይዘውት ኖረዋል። እሷም መሳቅ ጀመረች፤ መሳቋን ስታቆም ፊቷ በእንባ ርሷል።

አሮጊቷ ሳቃቸው ሲበርድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «አልፈራሁም አልልሽም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰምሃልን ፀንሼ ነበር፤ ቢወስዱኝ ምን ትሆናለች ብዬ። ስለዚህ ‹ምንም አይደለም› ብዬ አልመልስልሽም። ነገር ነበር።» ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው በሁለት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ምስጋናሽን ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወደ ቤት ያደረሳቸው ዮአብ ነው፣ በአሮጌ ቪትዙ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ከፊት ተቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተው ነገሩት። «ይመርዛሉ» የሚለው ቦታ ሲደርሱ ትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ በርቶ ነበር፤ ዮአብ ግን መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። «ኧረ ንዳ፣ ልጄ፣ ሊመርዙን ነው!» አሉ አሮጊቷ፤ ከኋላ ማዕዛና ጦቢያ እርስ በእርስ ተደጋግፈው ሲስቁ መብራቱ መልሶ ቀላ።

መስቀል ፍላወር ሲደርሱ ማዕዛ እስከ በሩ ደግፋ አደረሰቻቸው። ሰምሃል ከውስጥ ቁልፉን ስታዞር ይሰማል።

«ሐሙስ ነይ» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ።

«ምን ይዤልዎ ልምጣ?»

«ምንም። አፍሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

ሐሙስ ሄደች።